ያገለገለ የስፖርት መኪና ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻልና ሾክ እንዴት ይሸጣል?

«ኮይሎቨሬን ልሸጠው ነው፣ ስንት ያወጣልኛል?» «ኤል ኤስ ዲ አለኝ፣ ሶማሌ ተራ ብወስደው ይገዙኛል?» ይህ ጥያቄ በተለያየ መልክ ደጋግሞ ይመጣልኛል። (ኮይሎቨር ከፍታው የሚስተካከል የሾክና የሞላ ስብስብ ነው፤ ኤል ኤስ ዲ ደግሞ አንዱ ጎማ ብቻውን በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚይዝ ዲፈረንሻል ነው።) ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ግን ዕቃው ወርዶ በረንዳ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ያኔ ገዢን የሚያሳምነው ማስረጃ ግማሹ አምልጧል።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው የሚፈራው የማይታየውን የውስጥ ጉዳት ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ካምቢዮ ሁለተኛ ማርሹ ይጮህ እንደሆነ አይታወቅም። መኪናው ላይ እያለ ግን ይሰማል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው አንድም ብሎን ከመፈታቱ በፊት ነው። የደረጃዎቹ ቅደም ተከተልም የተያዘው ለዚህ ነውና አትዝለሉ።

መመሪያው ለካምቢዮ፣ ለፍሪሲዮን፣ ለቮላኖ (ፍሪሲዮኑ የሚጣበቅበት ከባድ ክብ ብረት)፣ ለዲፈረንሻል፣ ለሴሚያስ (ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርስ ዘንግ)፣ ለሾክ፣ ለሞላና ለስታቢላይዘር (መኪናው ሲታጠፍ እንዳይጋደም የሚይዝ ዘንግ) ያገለግላል። ሞተር የለበትም። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ስለሚመዘገብ የራሱ አካሄድ አለው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክና ደህና ብርሃን
- ክሪክ፣ ቢያንስ 2 የብረት መደገፊያ፣ የጎማ ታኮ
- የሞላ መጭመቂያ
- ካሊፐር (የውፍረትና የጥልቀት መለኪያ) እና ሜትር
- ቶርክ ቁልፍ (የማዞሪያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ)፣ መርፌ ያለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል
- የናስ ብሩሽ፣ ደብሊው ዲ 40፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ነጭ ጋዝ፣ ጨርቅ
- የማይጠፋ ቀለም ያለው ማርከር፣ ወረቀት ፕላስተር፣ ትናንሽ ፌስታሎች
- አሮጌ ዘይት የሚቀበል ባልዲና ጄሪካን
- የእጅ ጓንትና የዓይን መከላከያ
- ሚዛን፣ ከሰፈር ሱቅ የተዋሳችሁትም ይሆናል

1. የፋብሪካውን ዕቃ ቀድማችሁ አግኙ

መኪናው ያለ ሾክና ያለ ዲፈረንሻል አይንቀሳቀስም። የድሮው ዕቃ እጃችሁ ላይ ከሌለ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። መኪናቸው ጋራዥ ቆሞ የቀረባቸው ሰዎች የጋራዡ ኪራይ ስለሚያስጨንቃቸው የመጣላቸውን ዋጋ ይቀበላሉ። ገዢም ይህን ቶሎ ያውቃል።

የድሮው ዕቃ ካለ ደግሞ ፈትሹት። ለዓመታት የተቀመጠ ሾክ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ደርቆ፣ ጎሚኒው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

2. ዕቃው መኪናው ላይ እያለ ቪዲዮ ቅረጹ

ለዋጋው ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህ ደረጃ ነው። ቪዲዮው ሳይቆራረጥ አንድ ወጥ ይሁን። ከሰሌዳው ጀምራችሁ የተጓዘበትን ኪሎ ሜትር አሳዩ፣ ከዚያ ወደ መንዳቱ ግቡ። የተቆራረጠ ቪዲዮ ገዢ ልብ ውስጥ ጥርጣሬ ይተክላል። ለማስታወቂያ ስትለጥፉት ሰሌዳውን ሸፍኑ፤ ዋናውን ለቁም ነገር ገዢ አስቀምጡ።

እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ውጡ። ፍጥነት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጸጥታ ነው፤ ሬዲዮ ዝጉ፣ መስኮት ዝጉ።

ለካምቢዮ፦ እያንዳንዱን ማርሽ ወደ ላይም ወደ ታችም አስገቡ። በየማርሹ ነዳጅ ስጡ፣ ከዚያ እግራችሁን አንሱ። ማርሽ ሲገባ የሚንጫጫ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሲንክሮናይዘሩ (ማርሹ ያለ ግጭት እንዲገባ የሚያደርገው ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። እግር ሲነሳ ማርሹ ራሱን የሚያወጣ ከሆነም ውስጡ ችግር አለ። ችግሩን ቅረጹት፣ አትደብቁት።

ለፍሪሲዮን፦ በ4ኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ ታች ርገጡ። የሞተሩ ዙር ሽቅብ ወጥቶ የመኪናው ፍጥነት ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ከወጡ ይዟል ማለት ነው።

ለሴሚያስ፦ ባዶ ቦታ ላይ መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ በዝግታ ክብ ሥሩ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከመጣ ጆይንቱ (የሴሚያሱ መታጠፊያ) ተበልቷል።

ለዲፈረንሻል፦ ነዳጅ ስትሰጡም ስትለቁም የሚመጣውን የማፏጨት ድምፅ አዳምጡ። በነዳጅ ብቻ ወይም በመልቀቅ ብቻ የሚመጣ ድምፅ ስለ ጥርሶቹ አቀማመጥ ይናገራል። በሁሉም ሁኔታ የማይጠፋ ጉርምርምታ ብዙ ጊዜ ኩሽኔታ ነው።

3. መቼቱን መዝግቡ፣ ከዚያ ፍቱ

ኮይሎቨር ከሆነ የእያንዳንዱን ቀለበት ከፍታ በሜትር ለኩና ጻፉ። ማጠንከሪያ ቁልፍ ካለው ወደ ጠንካራው ጫፍ እያዞራችሁ ክሊኩን ቁጠሩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲቆጠር የግራና የቀኙ ክሊክ እኩል ካልመጣ አንዱ ውስጡ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ከገዢ በፊት እናንተ ብታውቁት ይሻላል።

ስትፈቱ እያንዳንዱን ብሎንና ዳዶ በየፌስታሉ አድርጋችሁ ስሙን ጻፉበት። «ፊት ግራ ላይኛው» እንደሚል። ትናንሹን ዕቃ አትናቁ። የካምቢዮ መቀመጫ፣ የማርሽ ገመድ፣ የዲፈረንሻል ማሰሪያ፣ የስታቢላይዘር ማያያዣ አዲስ አበባ ላይ ለብርቅ መኪና በአንድ ቀን አይገኝም። ከዱባይ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ገዢ ዋጋ ይቀንሳል። ሁሉ ነገር የተሟላለት ገዢ ግን በዚያው ሳምንት ስለሚገጥም የጠየቃችሁትን ለመክፈል ይቀርባል።

ማስጠንቀቂያ፦

- በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ። የብረት መደገፊያ አድርጉ፣ ጎማውን በታኮ ያዙ።
- ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ የሾኩን የላይኛውን ዳዶ አትፍቱ። የታመቀ ሞላ ሲፈናጠር አጥንት ይሰብራል። ኮይሎቨር ላይ መጀመሪያ የታችኛውን ቀለበት አላልታችሁ ጫናውን ቀንሱ።
- ሾክ ውስጥ የታመቀ ጋዝ አለ። አትብሱት፣ አትበይዱት፣ እሳት አታስጠጉት።
- ኤል ኤስ ዲ ያለበትን መኪና አንድ ጎማ አንስታችሁ ማርሽ ውስጥ በፍጹም አታስገቡ። መሬት የነካው ጎማ መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይወረውረዋል።
- የፍሪሲዮን አቧራ በኮምፕረሰር አይነፋም። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

4. አጽዱ፣ ግን አታስመስሉ

ካምቢዮና ዲፈረንሻል ከማጠባችሁ በፊት ዘይቱን አፍስሳችሁ ማግኔት ያለውን ቡሽ ፎቶ አንሱ። ቡሹ ላይ ግራጫ፣ ለስላሳ ዝቃጭ ካለ የተለመደ ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ፍንጣሪ ካለ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው። አሮጌውን ዘይት ጄሪካን ውስጥ ሰብስቡ፣ ቱቦ ውስጥ አትድፉ።

ከዚያ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በፕላስቲክና በፕላስተር ዝጉና በነጭ ጋዝ እጠቡ። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ እሳቱ ቅርብ ነው። ጎሚኒና የጆይንት ጎማ በሳሙና ውሃ ይበቃቸዋል፣ ጋዝ ጎማ ያሳብጣል። የኮይሎቨሩን ጥርስ በናስ ብሩሽና በደብሊው ዲ 40 አጽዱ። የሾኩን የሚያበራ ዘንግ ግን ከጨርቅ በቀር ምንም አይንካው። በሽቦ ብሩሽ የተፋቀ ዘንግ ፓራኦሊዮውን ይቀድና ደህናው ሾክ በአጭር ጊዜ ዘይት ያንጠባጥባል።

ቀለም አትቀቡ። ቀለም የተቀባ ካምቢዮ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንጥቁ የት እንደሆነ ነው። ዝገቱ ቢታይ ይሻላል።

5. ለኩ፣ ቁጥሩን አንብቡ

እዚህ ጊዜ ስጡ። «አሪፍ ነው፣ ብዙ አልተነዳም» የሚለውን ሁሉም ሰው ይጽፋል። ቁጥር የሚጽፍ ጥቂት ነው፣ ገዢም የሚያምነው እሱን ነው።

*ሾክ።* አቁማችሁ ዘንጉን በዝግታ ወደ ታች ግፉ። መንገዱን ሙሉ እኩል ሊከብድ ይገባል። መሃል ላይ ድንገት የሚላላ ቦታ ካለ ውስጡ ያለው ቫልቭ ወይም ዘይት ችግር አለበት። ከፍተኛ ጋዝ ያለው ዓይነት ሲለቀቅ ራሱ ይነሳል፤ እንደተጫነ ከቀረ ጋዙ ወጥቷል። ዘንጉን አዙራችሁ መጣመሙን እዩ። አንገቱ ላይ ስስ እርጥበት ብዙም አያሳስብም፣ የሚንጠባጠብ ዘይት ግን ሾኩ እድሳት እንደሚፈልግ ይናገራል።

*ሞላ።* ላዩ ላይ የታተመውን አንብቡ። ለምሳሌ የጃፓኑ ስዊፍት ሞላ ላይ 60፣ 203፣ 080 የሚል ቁጥር ካለ የውስጥ ስፋቱ 60 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 203 ሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬው 8 ኪሎ በሚሊ ሜትር ነው። የአውሮፓ ሞላዎች ጥንካሬውን በኒውተን ስለሚጽፉ 1 ኪሎ በሚሊ ሜትር ወደ 9.8 ኒውተን በሚሊ ሜትር እንደሚሆን አስቡ። በፓውንድ የሚያስብ ገዢ ከመጣ 1 ኪሎ በሚሊ ሜትር 56 ፓውንድ በኢንች ነው። ይህ ቁጥር ለአዲስ አበባ ገዢ ወሳኝ ነው። ኮብልስቶንና ስፒድ ብሬከር ላይ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው 8ና 5 የተለያየ ኑሮ ነው።

*ዲፈረንሻል።* መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። ሸራ ያለው ኤል ኤስ ዲ ሁለቱም ጎማ ተነስቶ፣ ማርሹ ፎሌ ሆኖ፣ አንዱን ስታዞሩ ሌላው በዚያው አቅጣጫ ይዞራል። እንደ ኳይፍና ቶርሰን ያለ የጥርስ ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ይዞራል፣ ልክ እንደ ተራው ዲፈረንሻል። አይቶ «ይሄማ ሞቷል» የሚል መካኒክ ስለማይጠፋ ይህን ለገዢው ቀድማችሁ አስረዱ።

ሸራ ያለውን ለመለካት አንድ የሚነዳ ጎማ ብቻ አንሱ። ሌሎቹን በታኮ ያዙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ማርሽ ፎሌ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማውን ከያዘ ልቀቁት። የተነሳውን ጎማ በመርፌ ቶርክ ቁልፍ ስታዞሩ መንቀሳቀስ የጀመረበትን ቁጥር ጻፉና አምራቹ ከሚለው ጋር አስተያዩት። በእጅ ብቻ በቀላሉ ከዞረ ሸራው አልቋል። ያለቀ ሸራ ያለው ኤል ኤስ ዲም ይሸጣል፣ ግን የሚሸጠው «ሸራ የሚፈልግ» ተብሎ ነው።

ቢኤምደብሊው ከሆነ የዲፈረንሻሉ ቅርፊት ላይ ያለውን ትንሽ ቆርቆሮ ፈልጉ። ከቁጥሩ በፊት ኤስ ፊደል ካለ ከፋብሪካው ኤል ኤስ ዲ ያለው ነው።

*ሬሾ።* ጎማው አንዴ ሲዞር የዲፈረንሻሉ መግቢያ ዘንግ ስንቴ እንደሚዞር ነው። ከተከፈተ የትልቁን ጥርስ ቁጥር ለትንሹ አካፍሉ፤ 41 ለ10 ሲካፈል 4.1 ነው። ካልተከፈተ በማርከር ምልክት አድርጋችሁ ሁለቱንም የጎማ ጎን እኩል 10 ዙር አዙሩና የመግቢያውን ዙር ቁጠሩ። 41 ከመጣ 4.1 ነው፣ 44 ዙር ከግማሽ ገደማ ከመጣ 4.44 ነው። አንድ ዙር ብቻ ብታዞሩ ሁለቱን መለየት ይከብዳል። ማንዋል ሱባሩ ላይ የኋላው ዲፈረንሻል ሬሾ ካምቢዮው ውስጥ ካለው ጋር ካልገጠመ የመሃሉ ዲፈረንሻል ይቃጠላል። ስለዚህ ሬሾ ሳይጻፍ የተሸጠ የሱባሩ ዲፈረንሻል የሰው መኪና ያበላሻል።

*ፍሪሲዮንና ቮላኖ።* በካሊፐር ከሸራው ላይ እስከ ሪቬቱ (ሸራውን የያዘው ሚስማር) ራስ ያለውን ጥልቀት ለኩ። የቶዮታ መመሪያዎች ዝቅተኛው 0.3 ሚሊ ሜትር ነው ይላሉ። ዘይት የነካው ሸራ ታጥቦ አይድንም፣ አትሽጡት። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብና ስንጥቅ ፈልጉ። ቀላል ቮላኖ ነው የምትሉ ከሆነ መዝናችሁ ኪሎውን ጻፉ።

6. ለየትኛው መኪና እንደሚሆን በትክክል ጻፉ

የወረደበትን መኪና ሞዴል፣ ዓመተ ምሕረትና የቻንሲ ኮድ ጻፉ። ዕቃው ላይ የታተመውን ቁጥርም ጨምሩ። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ሾክ የለም።

ከተማችን ውስጥ በጣም የሚጠየቀው የዲኤክስ ጉዳይ ነው። ዲኤክስ የሚባለው ኬኢ 70 ኮሮላ የኋላ ጎማ ነጂ ስለሆነ ልጆቹ የኤኢ 86ን (የስፖርቱን ኮሮላ) እግር፣ ማለትም ሾክና ሞላ፣ ይፈልጉለታል፤ ሁለቱ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ብዙው ነገር ይቀራረባል። ቢሆንም እናንተ ራሳችሁ ገጥማችሁ ካላያችሁ «ይገጥማል» አትበሉ። የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ለክታችሁ ስጡትና ገዢው ከራሱ መኪና ጋር ያስተያይ።

7. ዋጋ አውጡ

መነሻው አዲሱ ዕቃ እዚህ እስኪደርስ የሚፈጀው ነው፤ ዋጋው፣ ጭነቱና ቀረጡ ተደምሮ። ከዚያ ለእርጅናው ቀንሱ፣ እድሳት የሚፈልግ ከሆነ የእድሳቱንም ወጪ ቀንሱ። እናንተ የገዛችሁበት ዋጋና ለመካኒክ የከፈላችሁት ሒሳብ ውስጥ አይገባም፣ ገዢን አይመለከተውም።

ሶማሌ ተራና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉ ባለሱቆች ጥሬ ብር ቶሎ ይሰጣሉ። ግን ነጋዴ ናቸውና አትርፈው ለመሸጥ ነው የሚገዙት። ብዙ ፈላጊ ለሌለው የስፖርት ዕቃ የሚሰጡት ዋጋ ዝቅ ማለቱ አያስገርምም። ለተራው ካምቢዮና ለፋብሪካ ሾክ ወደ እነሱ ሂዱ፤ ለኮይሎቨርና ለኤል ኤስ ዲ ግን የመኪናው ወዳጆች ያሉባቸው የቴሌግራም ግሩፖች ይሻላሉ። በደላላ ከሆነ ኮሚሽኑን ዕቃው ከመታየቱ በፊት ተስማሙ።

ጥንድ አትነጥሉ። ሾክ 4ቱ አብሮ፣ ፍሪሲዮን ከፕሬሸር ፕሌቱ (ሸራውን ከሚጫነው ሰሌዳ) ጋር ይሸጥ። አንድ የቀረ ኮይሎቨር ማንም አይገዛም።

8. ማስታወቂያውን ጻፉ

ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ንጹሕ ወለል ላይ። ጠቅላላውን፣ ቁጥሩን፣ ጉድለቱን በቅርበት አንሱ። ጽሑፉ እንዲህ ይሁን፦

«ኮይሎቨር፣ 4 ሾክና 4 ሞላ። ከቢኤምደብሊው ኢ 46 ላይ የወረደ። ሞላ ፊት 8፣ ኋላ 10 ኪሎ። 4ቱም ክሊካቸው እኩል ነው። የፊት ግራው አንገት ላይ ስስ እርጥበት አለ፣ ፎቶ 6 ላይ ይታያል። የላይኛው መቀመጫ፣ ብሎንና የማስተካከያ ቁልፍ አብሮ አለ። ከመውረዱ በፊት ሲነዳ የተቀረጸ ቪዲዮ አለ። ሜክሲኮ አካባቢ መጥቶ ማየት ይቻላል።»

ጉድለቱን መጻፋችሁ ያስቀረው ገዢ አጉል ተደራዳሪ ነው። የሚመጣው ሰው አውቆ ስለሚመጣ እዚያ ደርሶ ዋጋ የሚያወርድበት ምክንያት አያገኝም። «የመጨረሻ ስንት?» ብሎ በስልክ ለሚጠይቅ «አይተኸው እንነጋገር» በሉት። በስልክ የቀነሳችሁት ዋጋ ሲመጣ አዲስ መነሻ ይሆናል።

9. አሳዩ፣ ተቀበሉ፣ አስረክቡ

በቀን፣ ሁለታችሁም በምታውቁት ጋራዥ ወይም ጥበቃ ባለው ፓርኪንግ ተገናኙ። ዋና መንገድ ዳር አቁማችሁ ካምቢዮ ለማውረድ አትሞክሩ። ገዢው መካኒኩን ይዞ ቢመጣ ደስ ይበላችሁ፤ እሱ ፊት የተለካ ዕቃ በኋላ ጭቅጭቅ አያመጣም።

ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲሆን የገዢውን ስልክ ላይ ያለ ደረሰኝ አትመኑ። ስክሪንሾት ይቀነባበራል፣ የጽሑፍ መልእክትም ይመሳሰላል። የራሳችሁን መተግበሪያ ከፍታችሁ ብሩ ሒሳባችሁ ውስጥ መግባቱን እዩ። ኔትወርክ ከሌለ ዕቃው አይነሳም። ገዢው ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

«ገጥሜ ልሞክር» ለሚል ሙሉ ክፍያውን ተቀብላችሁ፣ የት ጋራዥ እንደሚገጠም፣ የእጅ ዋጋውን ማን እንደሚችል፣ እስከ መቼ መመለስ እንደሚችል በጽሑፍ አድርጉት። መመለሻው ከዚያች ቀን ባያልፍ ይመረጣል።

ትንሽ ውል ጻፉ። የሁለታችሁ ስም፣ የመታወቂያ ወይም የፋይዳ ቁጥር፣ የዕቃው ዝርዝር ከነቁጥሩ፣ ያሳወቃችሁት ጉድለት፣ ዋጋና ቀን ይኑርበት። ዕቃው የወረደበትን መኪና ሊብሬም አሳዩት። የተሰረቀ ዕቃ የሚፈራ ገዢ ብዙ ነው፣ ፍርሃቱም ትክክል ነው። ቀብድ ከተቀበላችሁም ጻፉት፤ ገዢው ቢቀር ቀብዱ ምን እንደሚሆን ያኔውኑ ተነጋገሩ።

ወደ ክፍለ ሀገር የሚላክ ከሆነ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይፈስስ፣ ቀዳዳው ይዘጋ። ካምቢዮ በእንጨት ሳጥን ወይም በአሮጌ ጎማ ላይ ታስሮ ይሂድ። «ዘይት የለበትም» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት። ዘይት ሳይሞላ የተነዳ ካምቢዮ ወዲያው ይቃጠላል፣ ስልኩም ለእናንተ ይደወላል።

የሚበዙ ስህተቶች

- ሾክን አጋድሞ ለወራት ማስቀመጥ። አቁሙት፣ ዘንጉ እርጥበት አይንካው።
- ሴሚያስን በአንድ ጫፍ አንጠልጥሎ ማውረድ። ጆይንቱ ከልኩ በላይ ሲታጠፍ ውስጡ ይወጣል። በገመድ ደግፉት።
- ዲፈረንሻሉን «ውስጡን ላሳይ» ብሎ መክፈት። በሽም (በስስ የብረት ቀለበት) የተስተካከለው ርቀት ከተዛባ ሲገጠም ማፏጨት ይጀምራል። በኋላው ሽፋን በኩል ብቻ አሳዩ።
- ጉድለቱን ለመጨረሻ ማቆየት። ገዢው ራሱ ካገኘው ሌላውንም አያምናችሁም።
- የፋብሪካውን ሾክና ሞላ መልሶ ገጥሞ አላይመንት ሳያሠሩ መንዳት። የእግሩ ማዕዘን ስለተለወጠ አዲስ ጎማ በአንድ ጎን ተበልቶ ያልቃል። ከሽያጩ ገንዘብ ላይ የአላይመንቱን መጀመሪያ አስቀምጡ።